አረንጓዴውን የተጫንኩበት ክረምት

ሰኞ፣ ዝናቡ የጀመረ ዕለት

ብዕሩን የያዘችው ምራቴ ናት። ፋርማሲ ውስጥ ነው የምትሠራው፤ የሐኪም ጽሑፍ የምታነብ ሴት የእኔን ንግግር መጻፍ አያቅታትም። የምናገረውን እንዳለ ጻፊ ብያታለሁ። አታሳምሪው፣ አትቁረጪው፣ «አባባ እንዲህ ለማለት ፈልገው ነው» አትበይ። ለማለት የፈለግሁትን እላለሁ።

ይህን የምጽፈው፣ ማለቴ የማስጽፈው፣ ስለ ጋራዡ ነው። ባለቤቱ ዛሬ ሰብስቦን ከእንግዲህ ሥራውም ትምህርቱም በስልክ ነው አለን። ማን ምን እንደሠራ፣ ማን ምን እንደተማረ፣ ማን እንደቀረ፣ የየትኛው መኪና ዘይት መቼ እንደተቀየረ፣ ሁሉ ስልኩ ውስጥ ይቀመጣል። እንግዲህ ስልኩ የራሱን ከያዘ እኔም የራሴን ልያዝ። ነገ አንድ ነገር ተፈጥሮ «ስልኩ እንዲህ ይላል» ሲሉኝ «የእኔ ደብተር ደግሞ እንዲህ ይላል» እላለሁ።

ራሴ የማልጽፈው ዓይኔ ስለደከመ ነው።

ምን ያስቅሻል? ጻፊ።

ማክሰኞ

ምራቴ «አባባ፣ ሰዎቹን ያስተዋውቁ እንጂ፤ የሚያነበው ሰው በምን ያውቃል?» አለችኝ። ማን ነው የሚያነበው? ቢሆንም ልክ ናት።

እኔ የጋራዡ ዋና መካኒክ ነኝ። ሰልጣኞቹን የማስተምረውም እኔ ነኝ። የአሁኑ ባለቤት ጋራዡን ከአባቱ ነው የወረሰው። ልጅ ሳለ የአባቱን ቱታ ለብሶ በእጅጌው መሬት ሲጠርግ አይቼዋለሁ። ክፉ ሰው አይደለም፤ ችኩል ነው።

ከሰልጣኞቹ የሁለቱን ብቻ ልናገር። አንዱን «ሬዲዮ» እንለዋለን፤ አይዘጋም። ሌላዋ ሴት ናት፣ ልጆች ያሏት ትልቅ ሰው። ስለማትናገር «ጭጭ» ብለዋታል። ቀድሞ ሰው ቤት ልብስ ታጥብ ነበር። ባሏ ጥሏት ከሄደ ወዲህ በእጇ ሙያ ይዛ ልጆቿን ማሳደግ ነው ሐሳቧ። ሥልጠናውን ከጨረሰች እዚሁ ትቀጠራለች ተብሏል። ትጨርሳለች። ቀስ ትላለች እንጂ የያዘችውን አትለቅም።

ጠዋት ጠዋት ሥራ ሳይጀመር ሁሉም ተሰልፈው እጃቸውን ያሳዩኛል። ቀለበት ያደረገ ያወልቃል። የቆሰለ ቁስሉ ይታሸጋል። እጁ የሚንቀጠቀጥ ሰው ካለ፣ ሲያድር ምን እንዳደረገ አልጠይቀውም፤ ያን ቀን ግን መኪና ሥር አይገባም። ይህን ማንም አላስተማረኝም፤ ራሴ ነኝ ያመጣሁት። ሬዲዮ መዳፉን ዘርግቶ «ጋሼ፣ በሞቴ ዕድሌን ይንገሩኝ» ይለኛል። «ዕድልህ ጥፍርህ ሥር ነው፤ ሂድና ታጠብ» እለዋለሁ።

ሐሙስ

ፕሮግራሙን የሠራው ወጣት መጣ። ላፕቶፑን ታቅፎ ገብቶ፣ ሰላምታ ሳያስቀድም «ሶኬት የት አለ?» ስላለ ሬዲዮ እዚያው «ቻርጀር» ብሎ ስም አወጣለት። ስሙ ጸደቀ።

ቻርጀር እኔን ቢሮ አስገብቶ ለብቻዬ አሳየኝ። ለእኔ የተሰጠኝን ስልክ ከፈተ። የሰልጣኞቹ ፎቶ ተደርድሯል። አንዱን ሲነኩት ፊቱ ጎላ ብሎ ይመጣል፤ ከሥሩ ግራጫ ቁልፍ አለ፣ አረንጓዴ ቁልፍ አለ፣ ጽሑፍም አለ። ብዙ አወራኝ። ጭንቅላቴን ነቀነቅሁ። አሁንም አወራኝ። አሁንም ነቀነቅሁ። ሲጨርስ «ጥያቄ ካለዎት ጋሼ?» አለ።

ባለቤቱ በሩ ላይ ቆሞ ነበር።

«የምን ጥያቄ? የሰው ፎቶ አለ፣ አረንጓዴ አለ። ልጅ አደረግኸኝ እንዴ?» አልኩት።

ባለቤቱ ሳቀ። «አላልኩህም? ጋሼ ምንም አያቅታቸውም» አለው።

ዓርብ

ሳስበው ነገሩ ቀላል ነው። ሰልጣኙ መምጣቱንና እጁ ደህና መሆኑን ነው ማወቅ የሚፈልጉት። ሌላ ምን ይሆናል? ስለዚህ ዛሬ ጠዋት እጃቸውን አየሁ፤ አንዱን አይቼ ሳበቃ ፎቶውን ከፍቼ አረንጓዴውን ተጫንኩ። ስልኩ «ጢን» ይላል። ደስ የሚል ድምፅ ነው። እንደ ሰላምታ ቆጠርኩት።

እሑድ

ዛሬ የሚገርም ነገር ልናገር።

ሰልጣኞቹ ሥራ ከመሥራታቸው በፊት በስልካቸው ትምህርት ያያሉ፣ ቀጥሎ ጥያቄ ይመልሳሉ። እኔ ዘንድም አለ። ምራቴን ክፈቺልኝ አልኳት፤ ጉድለቱን ልፈልግ ነው። የሚያስተምረው ሰውዬ ድምፁ ሬዲዮ ላይ ዜና የሚያነብ ይመስላል። ቁልፉን ሲይዝም አያያዙ የእንግዳ ነው፤ ብሎን በዚያ አያያዝ ከፈታ እኔ ሴት ወይዘሮ ነኝ።

ግን ሞተሩን አሳየ። ብረቱን መስታወት አስመስለውታል፤ ውስጡ ይታያል። ፒስተኑ ይወጣል ይወርዳል፣ ዘይቱ በየቱ በኩል እንደሚሄድ በቀለም ይታያል፣ እሳቱ ብልጭ ይላል። ዕድሜዬን ሙሉ በጆሮዬና በጣቴ ስከተለው የኖርኩትን ነገር ዛሬ በዓይኔ አየሁት። ድገሚልኝ አልኳት። ደገመችልኝ። እንደገናም ድገሚልኝ አልኳት።

«ጉድለቱ ተገኘ አባባ?» አለችኝ።

«ገና ነው» አልኳት።

ረቡዕ፣ በሚቀጥለው ሳምንት

ባለቤቱ በሁሉ ፊት አመሰገነኝ። «ተመልከቱ» አለ፣ ኮምፒውተሩን ወደ ሰው አዙሮ። «የጋሼ ሰልጣኞች ሁሉም አረንጓዴ ናቸው። በሳምንት ውስጥ! እኔ ወራት ይፈጃል ብዬ ነበር።»

አጨበጨቡ። ምን እንደሚፈጅ አልጠየቅሁም። ሰው ሲያመሰግንህ ምክንያቱን አትመረምርም፤ ትቀበላለህ።

በእውነቱ ስልኩ ጥቅም አለው። ትናንት አንድ ደንበኛ መጥቶ «ፍሬኑን ባለፈው ሠራችሁልኝ፣ ዛሬም ይጮኻል» ብሎ ሊጣላን ነበር። ባለቤቱ ስልኩን አየና «የኋላውን ነው የሠራንልዎት፤ የፊተኛው ይቀየር ስንልዎ ይቆይ ብለዋል» አለው። ሰውዬው አፉን ዘጋ። ድሮ ቢሆን እስከ ምሳ ድረስ ስንጨቃጨቅ ነበር። ይህን ጻፊ፤ ያየሁትን አልደብቅም።

ሰኞ

ሥራ የማከፋፍለው እኔ ነበርኩ። እጅ ካየሁ በኋላ «አንተ ወደዚያ ፒካፕ፣ አንቺ ወደ ጎማ፣ አንተ ከእኔ ጋር» እል ነበር። ከዛሬ ጀምሮ ስልኩ ነው የሚያከፋፍለው። ማን ምን እንደሚችል ስለሚያውቅ፣ መኪና ሲገባ ራሱ ሰው ይመርጣል ይላል ቻርጀር። ከየት አወቀ? እኔን ሳይጠይቅ?

እጃቸውን አሳዩኝና ሁሉም አንገቱን ወደ ስልኩ ደፋ። «ጋሼ ምን ልሥራ?» ያለኝ አንድ ሰው የለም። ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁ።

ቁጭ ብዬ ዋልኩ። አልዋልኩም፣ ቁልፎች ሳጸዳ ነበር።

ማክሰኞ

ዝናብ። ወለሉ እንደ ሳሙና ነው። እጅ አየሁ፣ አረንጓዴ ተጫንኩ። ጢን። ጢን። ምራቴ ቸኩላለች፤ ፋርማሲው ዛሬ ምሽትም ክፍት ነው። ይብቃ።

ሐሙስ

ዛሬ ብዙ ነገር የለም። ጭጭ ወደ እኔ መጥታ ነበር፣ ከሰዓት በኋላ።

«ጋሼ፣ ስልኩ ነገ ጠዋት የፒካፑን ካምቢዮ አውርጂ ይለኛል» አለችኝ። «ለብቻዬ ነው የሚለው።»

ካምቢዮ የማርሹ ሳጥን ነው፤ እሱን ለማውረድ መኪና ይነሣል፣ ሥሩ ይገባል። እሷ እስካሁን ከጎማና ከዘይት አላለፈችም፤ እኔ አላሳለፍኳትም። ይህን አውቃለሁ። ግን ሳምንቱን ሙሉ አንድም ሰው ምን ልሥራ ብሎኝ አያውቅም። ስልኩን ሲጠይቁ ከርመው ሲቸግራቸው ነው ወደ እኔ የሚመጡት?

«እኔን ምን ትጠይቂኛለሽ? ስልኩን ጠይቂው!» አልኳት።

ቆመች። «እሺ ጋሼ» አለችና ሄደች።

በቀልድ ነው ያልኩት። ሬዲዮም ሰምቶ ስቋል። ለማንኛውም ነገ ጠዋት እጇን ሳይ ከእኔ ጋር ትሆናለች እላታለሁ።

ዓርብ

ጠዋት ዘገየሁ፤ መንገዱን ጎርፍ ዘግቶት ነበር። ስደርስ ሰው ተሰብስቧል። ጭጭ ናት። መኪናውን ያነሣችበት ክሪክ ተንሸራቶ።

ሆስፒታል ነበርኩ እስካሁን። ዛሬ አልችልም።

ቅዳሜ

በሕይወት አለች። አስቀድሜ ይህን ልበል።

ሳልደርስ በፊት ነው የጀመረችው፤ ስልኩ ሰዓት ሰጥቷት ነበር፣ እንዳትዘገይ ፈርታለች። መኪናውን በክሪክ አነሣች። ወለሉ እርጥብ ነው። ክሪክ ደግሞ ያነሣል እንጂ አይሸከምም፤ ከሥሩ የብረት እግር ሳይገባ መኪና ሥር የሚገባ ሰው በአንድ እግሩ የቆመ ወንበር ላይ እንደሚተኛ ነው። የብረት እግሮቹ ግድግዳው ጥግ ነበሩ። ማንም እንዴት እንደሚገቡ አላሳያትም። ያላሳያትም እኔ ነኝ፤ ገና ስላልደረሰች።

አንድ ነገር ግን አድርጋ ነበር። መጀመሪያ የመጣች ሰሞን «የሚነሣ መኪና ሥር ሁልጊዜ ትርፍ ጎማ አስተኚ» ብያት ነበር። አስተኝታለች። መኪናው ሲወርድ ጎማው ላይ ተቀመጠ፤ ደረቷ ዳነ። ቀኝ እጇ ግን በጎማውና በብረቱ መሐል ነበር። ሁለት ጣቶቿ ተሰብረዋል። አንዱ ይድናል አለ ሐኪሙ። ስለ ሌላው ዝም አለ።

ጋራዡ ውስጥ ሁሉም «ስልኩ ነው ያጠፋው» ይላል። እኔም ብያለሁ። ከሁሉ በላይ ጮኼ ያልኩት እኔ ነኝ። «ማሽን ሰውን ምን ያውቃል? አላልኩም?» አልኩ።

ባለቤቱና ቻርጀር ቢሮ ገብተው ቆዩ። ከዚያ ባለቤቱ ወጥቶ ለብቻዬ ጠራኝ። «ጋሼ፣ መኪና ማንሣትና መደገፍን በፊትዎ ሠርታ አሳይታለች፣ አይደል?» አለኝ።

«ምን ዓይነት ጥያቄ ነው? የእኔ ሰልጣኝ አይደለችም እንዴ?» አልኩት።

«ናት። እሱን ነው የፈለግሁት» አለና ገባ።

ለምን እንደጠየቀኝ አልገባኝም። ሳስበው ነው የዋልኩት።

እሑድ

ምራቴ ስልኩን አምጡት አለችኝ። ሰጠኋት። አየችው፣ ቆየች።

«አባባ፣ ይሄን አረንጓዴ መቼ ነው የሚጫኑት?»

«ጠዋት፤ እጃቸውን ካየሁ በኋላ።»

«የሁሉንም?»

«የሁሉንም። አንድ የሚያመልጠኝ የለም።»

«ምንድነው የሚለው?» አልኳት።

«‹ይህን ሥራ በፊቴ ሠርቷል፤ ከእንግዲህ ለብቻው መሥራት ይችላል› ነው የሚለው።»

«በየቀኑ?»

«በየቀኑ ሌላ ሥራ እየመጣ ነው አባባ። ሲጫኑት ያ ያልፍና ቀጣዩ ይመጣል። ጎማ፣ ዘይት፣ ፍሬን… ማክሰኞ የተጫኑት መኪና ማንሣትና መደገፍ ነው። ረቡዕ ካምቢዮ ማውረድ።»

ማክሰኞ። ጢን።

ይህን አትጻፊ። ብዕሩን አስቀምጪ ብያለሁ። እየጻፍሽ ነው እንዴ? ይሰማኛል እኮ። ጆሮዬ ደህና ነው።

ሰኞ

ዛሬ ምንም የለም። እጅ አየሁ። ስልኩን አልነካሁም። ባለቤቱ ለምን ሲለኝ ባትሪ የለውም አልኩ።

ማክሰኞ

በዚያ በኩል ሳልፍ ሆስፒታል ገባሁ። ምራቴ «ሆስፒታሉ እኮ በዚያ በኩል አይደለም» ትላለች። ዝም ብለሽ ጻፊ።

ጭጭ እጇ ከነክንዷ ተጠቅልሎ ትራስ ላይ ተቀምጧል። ትልቋ ልጇ አልጋው ጫፍ ላይ ትምህርቷን በስልክ ታጠናለች። ብርቱካን ይዤ ነበር፤ እንዴት አድርጋ ትላጠው? አላሰብኩትም። ራሴ ላጥኩላት።

«ባለቤቱ መጥቶ ነበር» አለችኝ። «‹በጋሼ ፊት ሠርተሽ አሳይተሻል?› አለኝ። አዎ አልኩት። ‹አውቀሽ ነው ሳትደግፊ የገባሽው?› አለኝ። ቸኩዬ ነው፣ ጥፋቱ የእኔ ነው አልኩት።»

«ለምን ዋሸሽ?»

«ታዲያ ምን ልበል ጋሼ? ማንበብ አይችሉም ልበል?»

ቢላው ከእጄ ወደቀ። «ማነው ማንበብ አይችልም ያለሽ?»

ብዙ የማትናገር ሰው ስትናገር ቀስ ብላ ነው። «እኔም እስከ ቅርብ ጊዜ አላነብም ነበር። ይቺ ልጄ ፊደል በስልክ ስታጠና አብሬ ሰምቼ ነው የለየሁት። የማያነብ ሰው ወረቀት እንዴት እንደሚይዝ አውቃለሁ፤ ራቅ አድርጎ ይይዝና መነጽሩን ይፈልጋል። እርስዎ ደግሞ መነጽር የለዎትም።»

ብርቱካኑን ቆራርጬ ጨረስኩ።

«ስልኩን ጠይቂው ያሉኝን አልነገርኩትም» አለችኝ ስነሣ። ክፋት የለባትም። ሊያጽናናኝ የመሰላት ነገር ነው።

ምላስ አጥንት የለውም፤ አጥንት ግን ይሰብራል።

ረቡዕ

ባለቤቱ ሻይ ይዞ አጠገቤ ተቀመጠ። «ጋሼ፣ ከብዶኝ ነው የምነግርዎት» አለ። «ሕክምናዋን እኔ እችላለሁ። ግን ሕጉን እያወቀች የጣሰችን ሰልጣኝ ይዤ መቀጠል አልችልም። ዛሬ እሷ ዳነች፤ ነገ ሌላው ይሞትብኛል። ነገ ጠዋት ለሁሉም እናገራለሁ፤ ትምህርት ይሁናቸው።»

ምንም አላልኩም።

ምን እንድል ነበር? ይህን ጋራዥ ከነቆርቆሮው የማውቀው እኔ ነኝ። ዛሬ መካኒክ ነኝ የሚል ሁሉ በእኔ እጅ ያለፈ ነው። ነገ ተነሥቼ «አላነብም» ብል ማን ይሰማኛል? ሬዲዮ ምን ስም ያወጣልኛል? ልጄ የጭነት መኪናውን ይዞ ከመንገድ ሲመለስ ምን ብዬ አየዋለሁ? እሷ ራሷ አዎ ብላለች። ራሷ ናት ያለችው። ለእኔ ብላ ያለችውን እኔ ባፈርሰው ደግሞ ውለታዋን መርገጥ አይሆንም? ሰው ለክብርህ ሲል የሸፈነልህን መግለጥ ነውር አይደለም?

ምራቴ ዝም ብላለች። ስትጽፍም ቀና አትልም። እንዲህ ዝም ከምትዪኝ ብትሰድቢኝ ይሻለኛል።

«አባባ፣ እኔ የሚሉትን ነው የምጽፈው» አለች።

አዎ። እኔ ነኝ እንደዚያ ያልኳት።

ሐሙስ

ልንገርሽና ቀስ ብለሽ ጻፊ።

ጠዋት ሁሉም ቆሙ፤ ቻርጀርም መጥቶ ነበር። ባለቤቱ ስለ ጭጭ መናገር ጀመረ፤ «ብቁ ናት ተብሎ የተመሰከረላት…» ሲል «ቆይ» አልኩት።

«ጋሼ፣ ልጨርስና…»

«አትጨርስ! የመሰከረው እኔ ነኝ፣ እኔ ልናገር። መኪና ስታነሣ አይቼ አላውቅም። ካምቢዮም ስታወርድ አላየሁም። አረንጓዴውን የተጫንኩት እጃችሁ ደህና ነው ለማለት ነው። የሁላችሁንም እንደዚያ ነው የተጫንኩት። የሚለውን አላነበብኩም። አላነብም። ዓይኔ ደህና ነው፤ ያልተማርኩ ሰው ነኝ።»

ቻርጀር ፊቱ ቀልቶ «ግን እኮ ከሥሩ በግልጽ ተጽፏል» አለ።

«አዎ ተጽፏል» አልኩት። «ለሚያነብ ሰው ተጽፏል። ስታሳየኝ አልገባኝም፤ ገባኝ አልኩህ። ያ ጥፋት የእኔ ነው፣ ላንተ አልሰጥህም። አሁን ደግሞ የትም ያልተጻፈውን ስሙ። ባለፈው ሐሙስ ጭጭ መጥታ ጠየቀችኝ። እንዳልደረሰች አውቃለሁ። ከስልኩ ጋር ተኳርፌ ነበርና ስልኩን ጠይቂው ብዬ አባረርኳት። ሬዲዮ፣ አልሰማህም?»

ሬዲዮ መሬት መሬት እያየ «ሰምቻለሁ» አለ። ከዚያ ሌላ ቃል አልወጣውም። ሬዲዮ!

«እንግዲህ የምታባርረው ካለ የትኛውን እንደሆነ አየህ» አልኩት ባለቤቱን።

ቱታው እጅጌ ላይ ግራሶ ነበረበት፤ እሱን ሲፍቅ ቆየ። «ለምን አልነገሩኝም ጋሼ? ማንበቡን ማለቴ ነው። አባቴ ያውቅ ነበር?»

«አባትህ ጠይቆኝ አያውቅም። አንተም አልጠየቅኸኝም። እኔ ደግሞ ሳይጠየቅ የሚናገር ሰው አይደለሁም።»

«እሷ ትቀጥላለች» አለ። «ማጽደቁን ግን ከእንግዲህ እርስዎ ብቻዎን አይዙትም። ሌላ መካኒክ አብሮ ያያል፤ የሚጫነው እሱ ነው።»

የመረጠው እኔ ያስተማርኩትን ሰው ነው። የመጀመሪያ ቀን ብሎን በየት በኩል እንደሚጠብቅ የጠየቀኝ ሰው! ላፌ መልስ መጥቶለት ነበር። ዋጥኩት። «የተጫንኩት ሁሉ ይሰረዝ፤ ሁሉም እንደ አዲስ ይታዩ» አልኩ ብቻ።

ቻርጀር ላፕቶፑን ከፍቶ ነካ ነካ አደረገ። አረንጓዴው ሁሉ ጠፋ፤ ሰልጣኝ በሙሉ ግራጫ ሆነ። «የኔን ፍሬን እንኳ ይተዉልኝ!» ብሎ ሬዲዮ ሲለምን ነው ሰው መሳቅ የጀመረው። በእኔ አልሳቁም። ወይም እኔ ስሄድ ስቀዋል፤ አላውቅም።

ቅዳሜ፣ ከሁለት ሳምንት በኋላ

ሥራ በዝቶ አላስጻፍኩም። ሁሉንም እንደ አዲስ ማየት ቀላል አይደለም። እኔ «ችሏል» ወይም «አልቻለም» እላለሁ፣ ሌላው መካኒክ ይጫናል። ብዙ ጊዜ አልቻለም ነው የምለው። ሰውዬው «ጋሼ፣ ስልኩ አረንጓዴ ያለው መሆኑን ልረሳው ነው» ይለኛል።

ቻርጀር መጥቶ ነበር። ላፕቶፕ አልያዘም፤ ሶኬትም አልጠየቀም። አጠገቤ ተቀምጦ አንድ ሰው መቻሉን በምን እንደማውቅ ጠየቀኝ። «ስታናግረው ቀና ሳይል እየሠራ የሚመልስልህ ከሆነ ገና ነው፤ ሥራውን አቁሞ የሚመልስልህ ከሆነ ደርሷል» አልኩት። ይህን ስልክ ውስጥ እንዴት እንደሚያስገባው እንጃ። አሁን ግን ቁልፉ ከመነካቱ በፊት የተጻፈውን በድምፅ ያነባል፤ እሱ ነው ያደረገው። ድምፁ ያው የዜና አንባቢው ነው። ለእኔ ብሎ እንዳደረገው አልነገረኝም፤ እኔም አላመሰገንኩትም። ምሳ ግን ጋበዝኩት።

የጭጭ አንዱ ጣት ድኗል። ሌላውን ቆርጠውታል። ይህን ለማስጻፍ ነው እስካሁን ዙሪያውን የምዞረው።

ቤቷ ሄጄ የሆነውን ሁሉ ነገርኳት። ቦታሽ አለ አልኳት። ሰማችኝ፤ እመጣለሁም አልመጣምም አላለችኝም። መኪና ሥር መተኛት ያስፈራኛል አለች። አልገፋኋትም። በዚያች ቤት ውስጥ እኔ የመግፋት መብት የለኝም።

ዛሬ እራት ላይ ጭጭ በምራቴ ስልክ የድምፅ መልእክት ላከች። ምራቴ ከፈተችልኝ። «ጋሼ፣ ስልኬ ግራጫ ነሽ ይለኛል። ከማንሣቱ ጀምረው የሚያሳዩኝ ከሆነ ሰኞ እመጣለሁ። ነገ እቤትዎ መጥቼ ይንገሩኝ።» ምራቴ ሁለት ጊዜ አሰማችኝ። እኔ አልጠየቅኋትም፤ ራሷ ናት የደገመችው።

ነገ ትመጣለች እንግዲህ። ይህን ደብተር የጀመርኩት ከስልኩ ጋር ልሟገትበት ነበር። ነገ ግን ለእሷ ነው የሚነበበው፤ ስለ እሷ ያልኩትን፣ ያን ቀን «በቀልድ ነው» ብዬ ያስጻፍኩትንም ሳይቀር ትስማው። አንዳንዱን ሳስጽፍ ምን ብዬ እንደነበር ረስቼዋለሁ። ብዕሩን አስቀምጪ እያልኩሽ የተናገርኩትን ጽፈሽም እንደሆነ ዛሬ ይታወቃል።

በይ ከላይ ጀምረሽ አንብቢልኝ። እዚያች «ስልኩን ጠይቂው» ያልኩባት ሐሙስ ላይ ስትደርሺ ድምፅሽን ዝቅ አታድርጊ፤ እሷ እንደምትሰማው አድርገሽ አንብቢው።